እሺ ሳይሉን አንቀመጥም

«ፋይል የማያድርበት ሰው» ይሉኝ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ እኛ መሥሪያ ቤት፣ የፀሐይ ኃይል ፈቃድ ፈልጎ የሚመጣ ሁሉ፣ የአዲስ አበባ ኩባንያም ይሁን የገጠር ማኅበር፣ በሩ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወንዳወቅ አለ?» ብሎ ነው። ካለሁ ይገባል፤ ከሌለሁ ነገ ይመለሳል። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ግን የዛሬው ወሬዬ ያ ጉራዬ አክስቴን ምን እንዳሳጣቸው ነው።

የፈቃድን ሥራ ለማያውቅ ሰው ልንገር። አንድ ኩባንያ ገጠር ገብቶ፣ የፀሐይ ሰሌዳ ደርድሬ ለመንደሩ መብራት ልስጥ ሲል፣ ፀሐይዋ ብቻ አትበቃውም። ፀሐይዋ የማንም አይደለችም፤ ሰሌዳው የሚያርፍበት መሬት ግን ባለቤት አለው። የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ የባለይዞታ ስምምነት ያስፈልጋል፣ የወረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ወረቀት ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተሙ ደግሞ ሁልጊዜ ለቅሶ የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ማኅተም ፍለጋ ተዝካር ቤት ድረስ የሄድኩ ሰው ነኝ። ድንኳን ገብቼ፣ ጠላ ቀምሼ፣ ነፍስ ይማር ብዬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስመትቼ ተመልሻለሁ። ሌሎቹ «ነገ ና» እያሉ ሰው ሲያመላልሱ እኔ በሳምንት እጨርሰው ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ሕሊና የምትባል ወጣት መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣች፤ አንድ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ኩባንያ ልኳት። ለዋንዛ ሜዳ ቀበሌ መብራት ሊዘረጉ ነው። ዋንዛ ሜዳ ደግሞ የተወለድኩበት አገር ነው፤ ከማንኩሳ ወደ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። እኔ ልጅ ሆኜ እዚያ የነበረው መብራት ኩራዝ ነው፤ ሚያዝያ ላይም ያው ኩራዝ ነበር፣ ከቻይና ባትሪ በቀር።

«አቶ ወንዳወቅ፣ ቀጥታውን ልንገርዎት» አለችኝ ሕሊና። «ፈንዱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። እስከዚያ ፈቃዱ ካልወጣ ፕሮጀክቱ ሌላ ዞን ነው የሚሄደው። ኮንፈርም የሆነ ነገር ነው።»

«እኔ እያለሁ የት ሊሄድ?» አልኳት።

ሁለት ቦታ ተገኘ። አንደኛው የወል ግጦሹ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ጥላ የለውም። ግን የወል መሬት የሁሉም ነው። አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ መወሰን አለበት፤ ከብቱ የት ይሰማራ የሚለው ክርክር ብቻውን ሁለት ወር ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ክረምቱም ይገባል። ሁለተኛው ከመንደሩ ዳር ያለ ለጥ ያለ ማሳ ነው፤ ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። ዛፍ የለበትም፣ ለመንገድ ይቀርባል፣ ባለቤቱም አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ማለት አንድ ፊርማ ነው። ያ አንድ ሰው አክስቴ፣ እትዬ ደስታነሽ ነበሩ።

እትዬ ደስታነሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፣ ልጅ አልወለዱም። ትምህርት ቤት የገባሁት እሳቸው ቤት ሆኜ ነው፤ ደብተሬም እስክሪብቶዬም ከዚያች ማሳ በርበሬ የወጣ ነው። የይዞታ ደብተራቸው ላይ የራሳቸው ስምና የራሳቸው ፎቶግራፍ ብቻ ነው ያለው። እንግዳ ሲመጣ ከሣጥን አውጥተው ያሳዩት ነበር። በሬ ስለሌላቸው ማረሱን ጎረቤታቸው እጅጉ ያርስላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የእሳቸው እጅ ነው። ችግኙን ከጓሮ ያፈላሉ፣ ክረምቱ ሲገባ ያዛውራሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ኅዳር ላይ ቀዩን ይለቅማሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቢቀራቸውም፣ ማሳው በራቸው ላይ ስለሆነ አልከበዳቸውም። የቡሬ ነጋዴ በርበሬያቸውን ፍለጋ ደጃቸው ድረስ ይመጣ ነበር።

እንደ ባለሙያ ካያችሁት ቦታው ትክክል ነበር። ይህን ለራሴ ስንቴ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ግንቦት እንደባተ ሄድኩና ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ መብራት ሊመጣ ነው።»

«እሰየው። እሰየው ልጄ።»

«ሰሌዳው የሚያርፍበት መሬት ተፈልጎ የእርስዎ ማሳ ተመረጠ። ካሳ አለው፤ ምትክ መሬትም ይሰጥዎታል። እኔ ራሴ አስፈጽምልዎታለሁ።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና መልሰው አደረጉት። «ችግኙን አየኸው?» አሉኝ ቆይተው። «ዘንድሮ አምሯል።»

«አየሁት። ታዲያ ምን ይላሉ?»

«እስኪ ይታሰብበታ። ምሳ በልተሃል?»

እኛ አገር ለወገን ፊት ለፊት «እምቢ» አይባልም፤ እምቢ የሚባለው ለቀማኛ ነው። ለወገን «እስኪ ይታሰብበታ» ይባላል፣ ወሬው ወደ ችግኝ ይዞራል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ሰሚው ጨዋ ከሆነ ሁለተኛ አያነሳውም። ሕሊና ይህን ብትሰማና ባይገባት ይፈረድላታል፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እኔን ግን ምን አገኘኝ? ገብቶኛል። ጥርት አድርጎ ገብቶኛል፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ እንጂ።

ማንኩሳ ወጥቼ መኪና ስጠብቅ ንዴቴ መጣ። ንዴት ደግሞ ሲፈጥረኝ አብሮኝ የተፈጠረ ነው። ለሁለት ቃዳ በርበሬ ሲባል አገር በሙሉ በጨለማ ሊቀር ነው አልኩ። ሰው የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ለማን ሊያወርሱት ነው አልኩ። ራስ ወዳድ ናቸው አልኩ፣ ያሳደጉኝን ሴት። አፌን ቁርጥ ያድርገው።

ከዚያ ወደ መምሬ ቢሆነኝ ሄድኩ። መምሬ የእትዬም የእኔም የነፍስ አባት ናቸው። ነገሩን እንደሚጥመኝ አድርጌ ነገርኳቸው።

«ለአገር የሚጠቅም ነው?» አሉኝ።

«ነው አባ።»

«እሷስ አትጎዳም?»

«ምትክ ይሰጣቸዋል።»

«እንግዲያማ እንለምናታለን» አሉ። ሰውዬው ክፋት አያውቁም። የነገርኳቸውን ነው ያመኑት።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ መለመን ትልቅ ነገር ነው። ለጋብቻ ይላካል፣ ተኳርፋ አባቷ ቤት ለገባች ሚስት ይላካል፣ ደም ለተቃባ ይላካል። የተላከው ሽማግሌ ደጅ ላይ ይቆማል፤ ግቡ ቢባል ይገባል እንጂ አይቀመጥም። እሺ እስኪባል ድረስ እንደ ቆመ ነው። ሽማግሌን፣ ያውም የነፍስ አባትን፣ ደጅ አቁሞ ማዋል ማንም የማይደፍረው ነውር ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የተላከበት ሰው እሺ ይላል። ለኩባንያ ፋይል፣ ለመሬት ፊርማ ሽማግሌ ሲላክ ግን ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ያኔ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ቀን፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ መምሬ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሄዱ። እኔና ሕሊና ከአጥሩ ውጪ ቆምን። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የአሻራ ቀለሙም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በአጥሩ ክፍተት ሁሉም ይታየኝ ነበር።

እትዬ ደስታነሽ ወጡ፣ መስቀል ተሳለሙ። «ግቡ፣ እረፉ እንጂ» አሉና ደጃፋቸው ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አጎዛ አነጠፉ። ማንም አልተቀመጠም። ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰው የሞተባቸው፣ መርዶ የመጣ መስሏቸው ነበር።

«ምነው አባ? ምን ሆናችሁ?»

«ደኅና ነው፣ ወለተ ሥላሴ» አሉ መምሬ፣ በክርስትና ስማቸው ጠርተው። «ልንለምንሽ ነው የመጣን። ስለ መሬቱ ነው።»

«ይቀመጡና እንነጋገራ።»

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ቀበል አድርገው «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ።

እትዬ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። መምሬ ቢሆነኝ የግራ ጉልበታቸው የታመመ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ቆመው ነው ያደሩት። ቆይቶ ቆይቶ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የተደገፉት መቋሚያም አብሮ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ የሚያዩት የመምሬን ፊት አልነበረም። ጉልበታቸውን ነበር።

«አባ፣ ጉልበትዎ» አሉ።

«ጉልበቴን ተይው። እሺ በይን።»

ስንት ደቂቃ እንደቆሙ አላውቅም። ብቻ ረዘመብኝና ሰዓቴን አየሁ። ሰዓቴን ማየቴን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ እትዬ በመጨረሻ። «ይሁን። ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ።»

ሦስቱም ተቀመጡ፣ መረቁ። እኔ ቅጹን ይዤ ገባሁ። ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ ከአጥሩ ወዲያ እንዳለሁ ያወቁ ይመስለኛል። ወረቀቱን አነበብኩላቸው፣ ቶሎ ቶሎ። «ያለማንም አስገዳጅነት፣ በሙሉ ፈቃዴ» የሚል አለበት፤ እኔ ራሴ ነኝ የተየብኩት፤ ሁልጊዜ የምንጽፈው ነው። እሳቸው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው።

«የትኛው ጣት ነው?»

«የግራ አውራ ጣት፣ እትዬ።»

«ቀለሙ ይለቃል?»

«በሳሙና ይለቃል።»

ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። አሻራው ጥሩ ወጣ።

ስንወጣ ሕሊና አጠገቤ መጣች። «አቶ ወንዳወቅ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር» አለች። «እኚህን እናት አንድ አምስት ደቂቃ ብቻቸውን ላናግራቸው? በራሳቸው ፈቃድ መሆኑን ማረጋገጥ አለብን።»

«አንቺ የዚህን አገር ወግ አታውቂም» አልኳት። «በነፍስ አባታቸው ፊት እሺ ብለዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ትፈልጊያለሽ? የእናንተ መጠይቅ ከመስቀል ይበልጣል?»

ልጅቷ ቀላች። እሺ፣ ይቅርታ አለች። እንደዚያ ባልጮህባት ኖሮ ትገባ ነበር። አምስት ደቂቃ ነበር የጠየቀችኝ።

ፈቃዱ ሰኔ ሃያ አራት ቀን ተፈረመ። ስድስት ቀን አተረፍኩ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ስሜን ጠራው፣ ከባልደረቦቼ ጋር ጠጅ ቤት ገብተን አመሸን፣ እኔም ያን ሌሊት እንቅልፌን ለጥ አድርጌ ተኛሁ። የዋንዛ ሜዳ ዝናብ በዚያው ሳምንት ጠንክሮ ጣለ። እትዬ ደስታነሽ ከጓሯቸው ያን ያማረ ችግኝ እየነቀሉ ለጎረቤት አደሉት፤ የሚያዛውሩበት መሬት የለማ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

መብራቱ ታኅሣሥ ላይ በራ። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ፤ መብራቱ ክፉ ነው አልወጣኝም። ወፍጮው መጣ፣ ሴቶቹ እህል ተሸክመው ማንኩሳ መውጣት ቀረላቸው። ጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ አገኘ። ልጆቹ ማታ ማታ ያነባሉ። የእትዬም ቤት አምፖል ገብቶለታል፤ የበራ ዕለት «ተመስገን» አሉ አሉኝ። አንድም ቀን አላማረሩም። ቢያማርሩ እንዴት በቀለለኝ።

ምትክ መሬቱስ? እኔ አስፈጽማለሁ ብዬ አልነበር? አስፈጸምኩ። ዓመት ከመንፈቅ አመላልሰው፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከቤታቸው የአንድ ሰዓት መንገድ የሆነ ሁለት ቃዳ ሰጧቸው። ወረቀቱን ሳይ ስፋቱ ልክ ነው፣ ማኅተሙ ልክ ነው፤ ፋይሉን ዘጋሁት። ሄጄ አላየሁትም። ጨፌ ነው አሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይተኛበታል። በርበሬ ደግሞ ውኃ የተኛበት መሬት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፣ እሳቸው ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ በዱላ እየተደገፉ ሄደው አይተውት ተመለሱ፣ ሁለተኛ አልሄዱም። ያስቀይርላቸው ዘንድ የሚለፋ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን በዚያው ሰሞን ሹመት አግኝቼ ቡሬ ገብቻለሁ። ከዚያም መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ቢሮውም እንደዚያው፣ ለእኔ ጥሩ ሰበብ ሆነኝ። ፋሲካ ሲመጣ «መንገዱ አስጊ ነው» እላለሁ። ሰው ሁሉ በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስሄድ ማንኩሳ ላይ ሰው ለመጫን ቆምን። በመስኮቱ ሳይ እትዬ ደስታነሽ ከአንዲት ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ሻጯ በርበሬ ትሰፍራለች። እትዬ አንዱን ዛላ አነሱ፣ ሰበር አድርገው አሸተቱት፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ደኅና አልነበረም መሰለኝ። ሆኖም ሌላ አማራጭ የላቸውም፤ አንድ ጣሳ አስለኩና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በርበሬ ገዙ። በርበሬ!

ወርጄ ላቅፋቸው ይገባኝ ነበር። የመስኮቱን መጋረጃ ሳብኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፀሐይዋ ያቃጠለችኝ መስሎት «ዛሬስ በርትታለች» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም ብል ውሸት ነው፤ እተኛለሁ። ግን ቅጽ ሳነብ «በሙሉ ፈቃዴ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። አዲስ የገቡትን ልጆች «ባለመሬቱን ብቻውን አናግራችሁታል?» እያልኩ አስቸግራቸዋለሁ። «ጋሼ ወንዳወቅ ጋ ፋይል ገባ ማለት ከረመ ማለት ነው» ይላሉ አሉ። ይበሉ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ንስሐ ልገባ ወደ መምሬ ቢሆነኝ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ቤታቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እትዬ «እስኪ ይታሰብበታ» እንዳሉኝና እንደገባኝ ጭምር። ያንን ያኔ አልነገርኳቸውም ነበር።

«እምቢ ብላህ ነበራ» አሉ መምሬ። «እኔ ሳትወስን የቀረች መስሎኝ ነው የቆምኩባት። ባውቅ አልቆምም ነበር።»

«አውቃለሁ አባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእኔም ነው። ሄጄ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። ግን ዓይናቸውን የማይበት ፊት የለኝም። አንድ ሁለት ሰው ይዘው ቢሄዱልኝ፣ እንደ ወጉ ቢለምኑልኝ።»

«ምን ገዶኝ» አሉ። «ይቅር ትልሃለች። እኛ ቆመንባት መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች?» እጃቸውን ወደ ከዘራቸው ሰደዱ፣ አሁኑኑ ሊነሱ።

አፋቸው ያለውን ጆሯቸው አልሰማውም ነበር። እኔ ግን ሰማሁት። ያን አሻራ እንደወሰድኩ ይቅርታቸውንም እንዲሁ ልወስደው ነበር። ቃሉን ይሰጡኝ ነበር፣ እኔም ፋይሉን እዘጋ ነበር፤ ከልባቸው ይሁን አይሁን እስክሞት አላውቅም።

«አይ አባ» አልኩ። «ይቀመጡ። ብቻዬን እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከማንኩሳ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሽቦ በታጠረው ማሳ ላይ ሰሌዳዎቹ ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ሣር በቅሏል። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እስክጠጋ አላወቁኝም።

«ወንዴ ነህ?»

«ነኝ እትዬ።» ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ወደ አጥሩ በር አዩ። «ከማን ጋር ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ተቀመጥ እስኪሉኝ አልጠበቅሁም፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቆሜ መናገር ፈራሁ።

«እትዬ፣ በድዬዎታለሁ» አልኩ። በመንገዴ ሁሉ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ጠፋብኝ። «ያን ጊዜ እምቢ ማለትዎ ገብቶኝ ነበር። መምሬን የላክሁት እምቢ ማለት እንዳይችሉ ብዬ ነው። ምትክ መሬቱንም ሳላይ ነው ፋይሉን የዘጋሁት። ይቅር ይበሉኝ ልል ነው የመጣሁት። ደስ ካላለዎት ግን አይበሉኝ። ከአጥሩ ውጪ የቆመ ሰው የለም።»

ምስሩን መልቀማቸውን አላቆሙም። ጠጠር አገኙ፣ ወረወሩት።

«ያኔ ብቻህን ተመልሰህ መጥተህ ቢሆን» አሉ፣ «እምቢ እልህ ነበር። አንተም ትቆጣ ነበር፤ መቆጣት መቼ ትሰንፋለህ። ከዚያ ግን ለፋሲካ ትመጣ ነበር። መሬቱንም አንተንም ባንድ ቀን ነው የሰጠሁ።»

አለቀስኩ። አርባ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላባበሉኝም።

«አሁን መጥቻለሁ፣ እትዬ» አልኩ።

«መጥተሃል። እሱስ ደግ አድርገሃል።» ሰፌዱን ከጭናቸው ላይ አወረዱ። «እምቢ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ከአንገት በላይ ነው። በጾም አልዋሽም። አልሆነልኝም።»

«ለወደፊትስ?»

«እሱን እኔ እንጃ።»

«እሺ እትዬ» አልኩና ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እህል ሳትቀምስ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

ገብተን በአንድ ትሪ ቀረብን። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእትዬ ደስታነሽ ጋር ቀርቤ እሳቸው ሳያጎርሱኝ የተነሳሁበት ቀን አልነበረም፤ ሚስት ካገባሁ በኋላ እንኳ፣ በሰው ፊት፣ እያፈርኩ ያጎርሱኝ ነበር። አብረን በላን። ወጥ ሲያልቅ ጨመሩልኝ፣ ውኃ ቀዱልኝ፣ ሳይመሽብህ ግባ፣ መንገዱ ደግ አይደለም አሉኝ። አላጎረሱኝም።